የወፏ ሱቅ በር

ባለፈው ግንቦት ማንጎ ልገዛ ከወልድያ ወደ መርሳ ወረድኩ። ማንጎ ወልድያም ሞልቷል፤ ባለቤቴም ይህንኑ ደጋግሞ ነግሮኛል። እኔ ግን በመኪና ተጭኖ የመጣ ማንጎና እዛፉ ሥር የሚገዛ ማንጎ አንድ አይደለም እያልኩ በየዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ አንድ ቀን ሰበብ እፈጥራለሁ። እውነቱን ልናገርና ማንጎ ያን ያህል አልወድም። ጭረቱ ጥርሴ ውስጥ እየገባ ያሰቃየኛል። የምሄደው ያደግኩበትን መንገድ ለማየት ነው፤ አይቼው ደግሞ ተናድጄ እመለሳለሁ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ልቡ ይለሰልሳል ይላሉ። የእኔ ገና ነው።

ሚኒባሱ ሲሪንቃን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ይቀበላል። መርሳ ስደርስ ወርጄ አስፋልቱ ዳር ከተደረደሩት የፍራፍሬ መደቦች አንዱ ጋ ቆምኩ። ሻጯ ገና ልጅ እግር ናት፤ አፏ ፈጣን፣ እጇም ፈጣን። መደቧ በአራት እንጨት ላይ የቆመ ነው። ከፊት ለፊቱ አንድ ሰፊ ቆርቆሮ በማጠፊያ ተያይዞ፣ በገመድ ወደ ላይ ተስቦ ጥላ ሆኗታል፤ ማታ ገመዱን ስትለቀው ወርዶ መዝጊያ ይሆናታል ማለት ነው። ከጥላው ሥር ገብቼ ማንጎውን እየጨበጥኩ ስመርጥ፣ ቀና ብል ቆርቆሮው ላይ የተሳለች አንዲት ወፍ ቁልቁል ታየኛለች። ቀለሟ ተልጧል፤ ቢጫው ግን አለ። አፏን ከፍታ ትዘምራለች፤ አንድ ዓይኗን ዝገት በልቶታል።

«ይቺ ወፍ ከየት መጣች?» አልኳት።

«እኔ እንጃ እትዬ። አባቴ ነው ከቆራሌው የገዛው። ቆርቆሮው ወፍራም ነው ብሎ።»

ወፍራም መሆኑስ እውነት ነው። የኩባንያው ነገር ሁሉ ወፍራም ነበር።

ኩባንያው የአዲስ አበባ ነው። ዘፈን ያስቀርጻል፣ ፊልም ይሠራል፣ ዘፋኞችን ሰብስቦ በየከተማው መድረክ ያዘጋጃል። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ሰሞን ይሆናል፣ ዘፈኑን ለየነጋዴው ከማከፋፈል ይልቅ በራሱ ሱቅ ልሽጥ ብሎ ተነሣ። ከኮምቦልቻ ጀምሮ በመንገዱ ዳር ባሉ ከተሞች ሁሉ ቢጫ የተቀቡ፣ አንድ ዓይነት መደርደሪያ ያላቸው፣ በር ላይ ያቺው ወፍ የተሰቀለችባቸው ሱቆች ከፈተ። ሲዲ ይሸጣሉ፣ የዘፋኞች ፎቶ ይሸጣሉ፣ ወፏ ያለችበት ቆብና ካናቴራ ይሸጣሉ። የኩባንያው ስም ረጅምና የፈረንጅ ስለነበረ በመርሳ የጠራው ሰው የለም። ወፏ ነው የምንለው። «ወፏ ጋ ጠብቂኝ» ይባል ነበር።

የመርሳውን ወፏ የያዘው ታላቅ ወንድሜ ይመር ነው። እኔም አብሬው እሠራ ነበር።

ይመር ከዚያ በፊት ዘፈን የሚሸጠው በእግሩ ነበር። አውቶቡስ በሚቆምበት ቦታ፣ ካሴት የሞላ ሣጥን በትከሻው፣ በባትሪ የሚሠራ ቴፕ በብብቱ። ከግራና መንደር ለገበያ የሚመጣ ገበሬ ዘፈኑን በስሙ አይጠይቅም፤ «ያችን የምታስለቅሰዋን» ይላል፤ ይመር ያውቃታል። ሾፌሩ «እንቅልፍ የምትነሣዋን» ይለዋል፤ እሷንም ያውቃታል። አስለቅሶ ነው የሚሸጥልህ ይሉታል። ኩባንያው ይህን ዝናውን ሰምቶ መረጠው። ከመረጠው በኋላ ግን ዝናውን ቀማው። የሚሰማው ዘፈን ቅደም ተከተል ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ደሴ የሚዘፈነው መርሳም በዚያው ሰዓት ይዘፈናል። የምታስለቅሰዋ ከመደርደሪያው ወጣች።

ለሰው የምንለውም ከላይ የመጣ ነበር። የገባ ሁሉ «እንኳን ወደ ደስታ ቤትዎ በደህና መጡ!» ይባላል። እስቲ አስቡት፣ መርሳ ላይ! አባ እንድሪስ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ አንድ ጠዋት ወደ ሶላት ሲሄዱ ጎራ አሉ። «አሰላሙ አለይኩም፤ እንዴት አደርሽ ፋጤ፣ እናትሽ ዘሃራ እንዴት አደረች፣ እግሯ እንዴት ነው፣ ከብቱስ» እያሉ ገና መግቢያው ላይ ሳሉ፣ እኔ የኩባንያው ተቆጣጣሪ ጥግ ላይ ቆሟልና ደረቴን ነፍቼ እንኳን ወደ ደስታ ቤትዎ አልኳቸው። ቆም ብለው ከቆቤ እስከ ጫማዬ አዩኝ።

«ልጄ፣ እኔ ለሰላምታ ነው የመጣሁት፤ ለደስታ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» ብለው ወጡ። ይመር ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ በሳቅ ሞተ።

አባ እንድሪስ የቅሬያችን ዳኛ ነበሩ። ቅሬ ማለት ለማያውቀው፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት የሚቀብረው የመንደር ማኅበር። በእኛ ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ጡሩምባው ሲነፋ የማን ሃይማኖት እንደሆነ አይጠየቅም፤ በር ይዘጋል፣ ሥራ ይቆማል፣ ይወጣል። አባታችን ሲሞት የሆነውን አስታውሳለሁ። ከአውቶቡስ መቆሚያው እስከ ወንዙ ድረስ አንድም የተከፈተ በር አልነበረም። ልብስ ሰፊው መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጺሙ የተገመሰ ደንበኛውን ይዞ ነው የወጣው። ሰውየው ግማሽ ጺም ይዞ ሬሳውን ሲሸኝ ከደጃችን አይቼ እዚያው በለቅሶዬ መሐል ሳቄ መጥቶብኝ ነበር።

እናቴ ዘሃራ ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ሀብት አልተመኘችም። እግሯ ያብጥ ነበር፣ ልቧም ደካማ ነው። ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ዱዓ ስታደርግ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያረቢ ቀባሪ አታሳጣኝ። አባታቸው በሄደበት ወግ ውሰደኝ።» እኛ ልጆቿ ሞትሽን አትጥሪብን እያልን እንቆጣታለን። እሷ ግን ሌላ ሰው ስለ ሠርግ እንደሚያወራ ነበር ስለዚያ መንገድ የምታወራው፤ በሮቹ ሁሉ ተዘግተው፣ ሰዉ ከዚህ እስከዚያ ሞልቶ።

ወፏ ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ጡሩምባ ሲነፋ እኛም እንደ ሰዉ ዘግተን ወጣን። ስንመለስ የኩባንያው ቢጫ መኪና በራችን ላይ ቆሟል። ተቆጣጣሪው አቶ ሰለሞን ከደሴ መጥቶ የተዘጋ በር ላይ ሲጠብቅ ውሏል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሽቶው ከመኪናው ቀድሞ የሚደርስ፣ ሲያናግሩት ዓይኑን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ለእናቴ እንኳ ከደሴ መድኃኒት አምጥቶላት ያውቃል።

«ይመር፣ ስለምወድህ ነው የምነግርህ» አለው። «የወፏ በር ቀን አይዘጋም፤ ዘፈኑም አይቋረጥም። ኩባንያው የሚሸጠው ዘፈኑን ብቻ አይደለም፤ ይህንንም ነው። ለአለቆቼ ቅሬ ምናምን ብላቸው ይስቁብኛል። ሁለተኛ ከተዘጋ ወፏን ነቅለው ለሌላ ሰው ይሰጡብሃል።»

ይመር በዚያ ዘመን ያቺን ወፍ ይወዳት ነበር። ሣጥን ተሸክሞ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ነው፤ ጣራ ያገኘው በእሷ ነው። እናቴን ደሴ ወስዶ ለማሳከም፣ ከዚያም ለማግባት ያስብ ነበር። ስለዚህ በማግሥቱ ወደ አባ እንድሪስ ሄደ፤ እኔም ተከትየው ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ሸንኮራ እየላጡ አገኘናቸው።

«አባ እንድሪስ፣ እኔ ሱቁን ልጠብቅ፣ ፋጤ ለቀብር ትውጣ። ከአንድ ቤት አንድ ሰው አይበቃም?»

«ሰውስ ይበቃል። የታመመ አለ፣ መንገድ የሄደ አለ፤ እሱን ማንም አይጠይቅህም። በር ግን ይዘጋል። ሬሳ በተከፈተ በር ፊት አያልፍም የኔ ልጅ። የተከፈተ በር፣ እኔ ሥራ አለኝ፣ እናንተ ቅበሩ ማለት ነው።»

«በሩ እኮ የእኔ አይደለም። የኩባንያው ነው።»

«ታዲያ ኩባንያው ሲሞት ማን ሊቀብረው ነው?» አሉና ሸንኮራውን ከፍለው ሰጡን። ሦስታችንም ሳቅን።

ይመር ታዲያ መላ አበጀ። የሱቁ በር ባለ ሁለት መዝጊያ ነው። ቀብር ሲኖር አንዱን መዝጊያ ይዘጋል፣ ሌላውን ይተዋል፤ ዘፈኑንም ዝቅ ያደርጋል። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እወጣለሁ። አቶ ሰለሞን ቢመጣ ክፍት ነው፤ ቅሬው ቢያይ ዝግ ነው። እንዲህ ያለ ዘዴ ከእኛ አገር ሰው ሌላ ማንም አያስበውም፤ ሁሉን ሳናስቀይም እንኑር እያልን ነው ሁሉን የምናስቀይመው። ጥቂት ጊዜ ሠራ። ሰዉ ግማሹን በር እያየ ያልፋል፣ ምንም አይልም። እናቴ ስትሰማ ብቻ እንዲህ አለች፦ «ልጄ፣ በር ወይ ይዘጋል ወይ ይከፈታል። የተገመሰ በር እድሜዬን አይቼ አላውቅም።»

ያ ቀን በጥቅምት ነው። ማሽላው አሽቶ፣ ወፍ የሚጠብቁት ሰዎች ከማማው ላይ የሚጮሁት ከተማው ድረስ የሚሰማበት ሰሞን። ኩባንያው የአንድ ዝነኛ ዘፋኝ አዲስ ሥራ አውጥቷል። ዘፋኙ ራሱ በኩባንያው መኪና ከደሴ ተነሥቶ እስከ ወልድያ በየወፏ እየቆመ ለሰዉ ሊታይ ነው፤ ይህንንም ፊልም ያነሣሉ። መርሳ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል ተባለ። ይመር ሱቁን ሲያጸዳ አደረ ማለት ይቻላል።

ንጋት ላይ ጡሩምባው ተነፋ። ጋሽ ሞላ አርፈዋል። ጋሽ ሞላ ክርስቲያን ናቸው፤ የቅሬው መቃብር ቆፋሪ ነበሩ። የአባታችንን ጉድጓድ ከቆፈሩት አንዱ እሳቸው ናቸው፤ አፈሩ ድንጋይ ሆኖባቸው መዳፋቸው ደም በደም ሆኖ እንደነበር እናቴ ሁልጊዜ ታነሣዋለች። ቀብሩም እኩለ ቀን ላይ ሆነ።

ይመር ለአቶ ሰለሞን ስልክ ደወለለት። ከሰዓት ይሁን፣ ወይ መጀመሪያ ወልድያ ሂዱና ስትመለሱ እለፉ ብሎ ለመነው። አይሆንም፣ ወልድያ መድረክ ተዘጋጅቷል ተባለ። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ግድ የለም ፋጤ። ሬሳው ሲቃረብ አጠፋዋለሁ። አንድ ደቂቃ ነው። ወላሂ አጠፋዋለሁ።»

እኔ ከሴቶቹ ጋር ከሬሳው ኋላ ነበርኩ። ከነጠላዬ ሥር ያ ቢጫ ካናቴራ እንዳይታይብኝ እስከ አንገቴ ተከናንቤአለሁ። ከፊቴ የጋሽ ሞላ ባለቤት እትዬ አስካለ በሁለት ሴት ተደግፈው ይሄዳሉ። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ በሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ከዚያ ከሩቅ ከበሮው ተሰማ። የለቅሶ ከበሮ አይደለም። ጎረምሶች ወፏ በር ላይ ተጠቅጥቀው ትከሻቸውን ይመታሉ፣ ቢጫው መኪና መሐል ላይ ቆሟል፣ ዘፋኙ በመስኮት እጁን ያውለበልባል። ዘፈኑ ስለ አንዲት ወገበ ቀጭን ልጅ ነው። የግማሽ በሩ ነገር ቀርቷል፤ ሁለቱም መዝጊያዎች ቦግ ብለው ተከፍተዋል።

ይመር መግቢያው ላይ ቆሞ አየሁት። እሱም ሬሳውን አየ። እጁን ወደ ማጥፊያው ሲሰድድ አየሁ፤ ጣቱ ደረሰ። አቶ ሰለሞን ከካሜራው አጠገብ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም፣ እየተቀረጸ ነው። የይመር እጅ እዚያው ማጥፊያው ላይ ቀረ። አልጫነውም፤ አላነሣውምም። በሕይወቴ እንደዚያ እጅ የጠበቅኩት ነገር የለም።

ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ቀሳውስቱ ዝም አሉ። ጎረምሶቹ አንድ በአንድ ሬሳውን እያዩ ትከሻቸውን አቆሙ፤ ዘፈኑ ግን ያለ ጨፋሪ ቀጠለ። አባ እንድሪስ በዱላቸው ተደግፈው ከፊት ቆመው ነበር። ጠበቁ። ብዙ ጠበቁ። ኋላ ዱላቸውን ወደ ወንዙ አቅጣጫ አነሡና «አዙሩት» አሉ።

ሬሳው ፊቱን አዞረ። ጋሽ ሞላን በኋላ በር፣ ከብት ውኃ በሚወርድበት ድንጋያማ መንገድ ወሰድናቸው። እትዬ አስካለ ሁለቴ ወደቁ። ዘፈኑ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተከተለን።

በዚያ ቀን ማታ ስድብ ጠበቅን፤ የሰደበን የለም። ይመር ቢሰድቡት ይወድ ነበር፤ ስድብ መልስ አለው። በማግሥቱ ወደ ሱቁ የመርሳ ሰው አልገባም። በሣልስቱም። መንገደኛ ብቻ እየወረደ ይገዛና ይሄዳል። አልፎ አልፎ ሰላምታ የሚሰጠን ቢኖርም «ደህና ናችሁ» ብሎ ያልፋል፤ እናታችሁስ፣ እግሯስ፣ ከብቱስ የሚል ቀረ።

ይመር ሽማግሌ ላከ። ራሱም ከእትዬ አስካለ እግር ሥር ተደፋ። አነሡት፣ ፊቱን በነጠላቸው ጠረጉለት፣ የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረቡለት።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ ልጄ» አሉት። «ግን ሞላን ማን መልሶ በዚያ መንገድ ያሳልፍልኛል?»

ቅሬው ተሰበሰበ፤ አባ እንድሪስ ውሳኔውን ሊነግሩን ቤታችን ድረስ መጡ። አልተቀመጡም። ይመር በሩን መርጧል፣ በሩ ይቅበረው ተብሏል አሉ። እናቴ ከተቀመጠችበት ቀና አለች።

«እኔስ እንድሪስ? እኔ ምን አጠፋሁ?»

አባ እንድሪስ ዱላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። «ቤት አንድ ነው ዘሃራ» አሉ። «እኔ ብቻዬን ቅሬ ብሆን…» ብለው ሳይጨርሱ ወጡ። ከዚያ በኋላ እናቴ ስለዚያ መንገድ ማውራት ተወች። ዱዓዋንም በሆዷ አደረገችው። እኔ ስቆጣት የኖርኩበትን ያን ጸሎት አንዴ ጮክ ብላ ብትለው ብዬ ስንት ቀን ጆሮዬን ጣልኩ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። የእኛ የቆጡም አልወረደ። በዓመቱ ግድም መርሳ ላይ ዘፈን በሞባይል የሚጭኑ ልጆች በየጥጉ ብቅ አሉ። ያ ሬሳ ያስመለሰ ዘፈን በሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ገባ፤ ሲዲ የሚጠይቅ ጠፋ። ኩባንያው ከኮምቦልቻ ጀምሮ ሱቆቹን ማጠፍ ያዘ። አቶ ሰለሞን የጭነት መኪና ይዞ መጣና መደርደሪያውን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ቆቡን ካናቴራውን ሁሉ አስጫነ። እሱም ራሱ በወሩ መጨረሻ እንደሚሰናበት ነገረን። የወፏ ቆርቆሮ ከፍ ብሎ ስለተመታ መሰላሉ አልደርስ አለ፤ ትታችሁት ኑ አላቸው። ይመር እጁን አጣምሮ ሲያይ ቆየና አንድ ነገር ጠየቀ።

«አሁን በሩን መዝጋት እችላለሁ?»

አቶ ሰለሞን አልገባውም። «ምን ይሠራልሃል፣ ባዶ እኮ ነው» አለው።

ይመር ግን ከዚያ ወዲህ ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ያንን ባዶ ሱቅ ሄዶ ይዘጋ ነበር። ሁለቱንም መዝጊያ ይዘጋል፣ ይቆልፋል፣ ከቀባሪው ኋላ ርቆ ብቻውን ይከተላል። የሚያባርረው አልነበረም፤ ዞሮ የሚያየውም አልነበረም።

እናቴ በግንቦት ሞተች። ማንጎ በየዛፉ ሥር እየወደቀ ዝንብ የሚወርበት ሰሞን ነው። ይመር ወደ ጡሩምባ ነፊው ሮጦ ሄደ። ወዲያው ተመለሰ፤ አመላለሱን አይቼ አወቅኩ።

«ምን አለህ?»

«'ጡሩምባው እኮ የእኔ አይደለም፤ የቅሬው ነው' አለኝ» አለና ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራቶ ተቀመጠ።

ከውርጌሳ አጎታችን፣ ከግራና ሁለት የአክስት ልጆች ደረሱ። ከመንደሩ እትዬ አስካለ ብቻቸውን ንፍሮ ተሸክመው መጡ፤ ክርስቲያን ናቸውና የእጥበቱ ጊዜ ውጭ ተቀምጠው እጄን ይዘውልኝ ነበር። መስጊድ ውስጥ የሰገዱላት ነበሩ፤ ሶላቱን የነፈገን የለም። ሶላት የአላህ ነው። በሩ ግን የመርሳ ነበር።

በእኛ በእስላሞቹ ወግ ሴት እስከ መቃብር አትሸኝም። ደጃችን ላይ ቆሜ መንገዱን ቁልቁል አየሁት። ይመርና ዘመዶቻችን እናቴን ተሸክመው በአስፋልቱ ዳር ወረዱ። ልብስ ሰፊው መኪናውን እየረገጠ ነበር፤ ትክ ትክ ሲል ይሰማኛል። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አላስቀመጠም። በሮቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። ከመካከላቸው ሙሔ የሚባል ባለ ሸቀጥ፣ ይመር ከልጅነቱ አብሮት ያደገ፣ ተነሥቶ እጁን መዝጊያው ላይ አደረገ። ግራና ቀኙን አየ፤ ጎረቤቶቹ አልተነሡም። እጁ እዚያው ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ። ያንን እጅ አውቀዋለሁ፤ ከዚህ በፊት ማጥፊያ ላይ አይቸዋለሁ።

የተዘጋ በር አንድ ብቻ ነበር። ይመር ጠዋት ሄዶ የወፏን ሱቅ ቆልፎት ነበር።

እትዬ አስካለ ያመጡት ንፍሮ ሳይነካ አደረ። ይመር የእናታችንን ሰደቃ እንኳ ሳያወጣ፣ አንድ ቀን በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ ሄደ አሉ። ዐረብ አገር ገባ ያለ አለ፤ ባሕሩ ላይ ቀረ ያለም አለ። ድምፁን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ለእሱ ማን በር ዘግቶ፣ ማን ተሸክሞ ቀበረው ብዬ ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ።

በማን እንደምናደድ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በኩባንያው እንዳልናደድ ኩባንያው ሞቷል፤ አባ እንድሪስ እንዳሉት ቀባሪም አላገኘ። በአባ እንድሪስ እንዳልናደድ እሳቸውም ሄደዋል፤ ያን ሁሉ ሰው ሲቀብር የኖረ ቅሬ ሬሳው ሲዋረድ ምን ያድርግ እላለሁ። ከዚያ እናቴ «እኔስ?» ያለችው ትዝ ይለኛል፣ ተመልሼ እናደዳለሁ። ወልድያ ውስጥ በባለቤቴ ስም ቅሬ አለኝ። ጡሩምባ ሲነፋ ከሰፈሩ ቀድሜ የምዘጋው እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ ደግ ሴት ይሉኛል። ደግነት አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

ማንጎዬን መርጬ ልሰጣት ስል ከመስጊዱ በኩል ድምፅ ተሰማ። ሻጯ እጇ ላይ የነበረውን ጣለችና ነጠላዋን ሳበች።

«እትዬ ቶሎ ይያዙልኝ፤ ጀናዛ እየመጣ ነው፣ መዝጋቴ ነው» አለችኝ።

ከጥላው ሥር ወጣሁላት። ገመዱን ለቀቀችው፤ ቆርቆሮው ጓ ብሎ ወርዶ መደቡን ገጠመው። ወፏ ከነተከፈተ አፏ በማንጎው ላይ ተዘጋች። በአስፋልቱ ዳር ያሉት በሮች አንድ በአንድ ሲገጠሙ ተሰማኝ፤ ስልክ ጠጋኙ፣ ሻይ ቤቱ፣ ሙሔም ካለ ሙሔ።

«አይመጡም እትዬ?» አለችኝ ልጅቷ፤ ሰዉ ወደሚሰበሰብበት እያየች።

«እኔ የዚህ ቅሬ አይደለሁም» አልኳት።

የሟቿን ስም አልጠየቅኩም፤ አሮጊት ናት ሲሉ ብቻ ሰማሁ። ማንጎዬን ታቅፌ ከወፏ አጠገብ ቆምኩ። ጀናዛው በመሐል መንገድ አለፈ፤ ሰዉ ከዚህ እስከዚያ ሞልቶ ነበር። እናቴ ስትለምነው የኖረችው በር ተዘጋ፤ ለሌላ ሰው።